ያጠብኳቸው ምልክቶች

ጅዳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በምሠራበት ቤት ግቢ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች ከጭነት መኪና ወረዱ። ቁም ሣጥን መስሎኝ ነበር። የቤቱ አባወራ መዶሻ አምጥተው አንዱን ከፈቱ። በወረቀት እየተሸፈነ የተደረደረ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ በትናንሽ ከረጢት የታሸገ ብዙ ብሎንና ዳዶ።

"ምንድን ነው ባባ?" አልኩ።

"አውሮፕላን" አሉ።

ማዳም በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። "ሳሎኑን ቀለም አስቀባልኝ ካልኩት ሦስት ዓመቴ" አሉ። "እሱ ጣውንት አመጣብኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት የአውሮፕላኑ ስም ጣውንት ሆነ። ማዳም ምሳ ሲቀርብ "ጣውንቴ በልታለች?" ይሉ ነበር። ባባ ፈገግ ይላሉ።

ባባ ከፊሌ፣ በስማቸው ያስመጡኝ አሠሪዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልልቅ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው አግብተው ስለሄዱ፣ ጃሚዓ በሚባለው ሰፈር ባለው ሰፊ ቤት ሁለቱና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ ልጄን በአራት ዓመቷ ለእናቴ ትቼ ከኮምቦልቻ የመጣሁ ነኝ። ኮምቦልቻ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ሲያርፍም ሲነሣም ከሩቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰው በግቢው ውስጥ፣ በሁለት እጁ፣ ለደስታው ብሎ ሊሠራው እንደሚችል ግን የነገረኝ አልነበረም።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት በጨርቅ ነው። ጅዳ ባሕር አጠገብ ስለሆነች አየሯ ጨው አለው፤ ጨው ደግሞ አሉሚኒየምን እንደ ብል ይበላዋል። ስለዚህ ባባ እያንዳንዱን ቁራጭ ከመግጠማቸው በፊት በሚሸት ፈሳሽ ጠርገው አረንጓዴ መከላከያ ቀለም ይቀቡታል። የጣት አሻራ እንኳ ካለበት ቀለሙ አይይዝም። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስወጣ፣ ጠርገው ባስቀመጡት ላሜራ ጫፍ ላይ ቅባት ቀርቶ አየሁና በያዝኩት ንጹሕ ጨርቅ አነሣሁት። ባባ ላሜራውን ወደ ብርሃን አዞሩት፤ አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ጠራጊዋ አንቺ ነሽ" አሉ።

"የእኔስ ቤት?" አሉ ማዳም ከመስኮት።

"ከዐስር ሰላት በኋላ ብቻ" አሉ ባባ። "ከዚያ በፊት ያንቺ ናት።"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በየቀኑ ከዐስር በኋላ፣ በግቢው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ትልቁ ማራገቢያ እየጮኸ እንሠራለን። ማዳም ወንበር አስወጥተው ስልካቸውን ይዘው እዚያው ይቀመጣሉ። እኔና ባባን ብቻችንን ትተውን አያውቁም፤ ይህም ደግ ነበር፤ ለእኔም ለእሳቸውም።

ላሜራ ከላሜራ የሚያያዘው በሪቬት ነው። ሪቬት ራስ ያለው አጭር ለስላሳ ምስማር ነው። አንዱ ሰው ከውጭ በአየር በሚሠራ መዶሻ ሲመታው፣ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ጫፉ ብረቱ ላይ ይጨፈለቅና ሁለቱን ላሜራ አጣብቆ ይቀራል። ክንፉን ባባ ከአንድ የድሮ ጓደኛቸው ጋር ጨረሱት። ጅራቱ ጋ ሲደርሱ ግን ተቸገሩ። ውስጡ ጠባብ ነው፤ የባባም የጓደኛቸውም ክንድ ከክርኑ አያልፍም። የእኔ ክንድ እስከ ትከሻዬ ገባ።

መዶሻው ስለሚጮህ መነጋገር አይቻልም። ባባ ቋንቋ አስተማሩኝ። በያዝኩት ብረት አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ፣ ይድገሙ ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳሁ፣ በቃ፣ ደኅና ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ተበላሽቷል፤ ተበስቶ ይውጣ ነው። አንዳንድ ቀን ከዐስር እስከ መግሪብ ከእሳቸው ጋር ያወራነው ያ ማንኳኳት ብቻ ነበር። እኔም ብዙ ወሬ አልወድም። ተስማማን።

ባባ ትልቅ መዝገብ ነበራቸው። ማታ ማታ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት የዕለቱን ሥራ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳየው ይጽፉበታል፤ ፎቶ ይለጥፉበታል። ሕጉ እንደዚያ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ የሠራው አውሮፕላን እንዲበር የሚፈቀድለት፣ አብዛኛውን በራሱ እጅ እንደሠራው ካሳየ፣ የመንግሥት መርማሪም ሳይዘጋ በፊትና ከተዘጋ በኋላ አይቶ ከፈረመለት ነው። ፊደሉን በቁርኣን ስለማውቀው አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከባባ ስም ቀጥሎ "ረዳት" የሚል ቃል ነበር።

"ይሄ ማነው?" አልኩ።

"አንቺ ነሻ" አሉ።

ጁሙዓ ጁሙዓ ለልጄ ስደውል ስለ አውሮፕላኑ እነግራት ነበር። ሌላ የምነግራት ብዙ ስላልነበረኝ ነው። "እማ፣ ክንፍ አወጣ?" ትለኛለች። "አንዱን አውጥቷል" እላለሁ። በሌላው ሳምንት "ሁለተኛውስ?" ትላለች። ትምህርት ቤት ስትገባ እናቴ አውሮፕላን ትሠራለች ብላ ተናግራ፣ ልጆቹ ስቀውባት ነበር። "ውሸት ነው እንዴ እማ?" አለችኝ። "ውሸት አይደለም" አልኳት። "ግን ዝም በያቸው። ሲበር ትነግሪያቸዋለሽ።"

ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ቀለም ተቀባ፤ ነጭ ሆኖ በጎኑ ቢጫ መስመር ያለው። ቢጫውን የመረጡት ማዳም ናቸው። ውስጥ፣ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ፊት ለፊት፣ ሕጉ የሚያዘው ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ይህ አውሮፕላን በፋብሪካ የተሠራ አይደለም፣ የሚሳፈር ሰው ይህን አውቆ ይሳፈር የሚል ነው። ማዳም መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"በኒካሓችን ቀን አባቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ግንባርህ ላይ ቢለጥፉልኝ ጥሩ ነበር" አሉ።

ከዚያ ክንፎቹና ጅራቱ ተነቅለው በመኪና ተጭነው፣ ከከተማ ውጭ ወዳለ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ሄዱ። ሃንጋር በሚሉት ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ባባ መልሰው ገጠሟቸው፤ የጅራቱን የውስጥ ዳዶዎችም ከመግጠማቸው በፊት በክፍቱ ጎን አጠበቋቸው። ወሩ ረመዳን ስለነበር እኔ ከወጥ ቤት አልወጣሁም። የመጨረሻውን መግጠምና ማጥበቅ አላየሁም። ስህተቴ የመጣው ከዚያ ነው።

ከዒድ በኋላ የመርማሪው ቀን ተቆረጠ፤ እሑድ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት የአሸዋ ነፋስ ተነሣና ሦስት ቀን ሙሉ ጅዳን ሸፈናት። ረቡዕ ባባ እኔንና ማዳምን ይዘው ወደ ሜዳው ሄዱ። ሃንጋሩ ውስጥ የገባው አቧራ በጣት ይጻፍበት ነበር። መሸፈኛዎቹን ሁሉ ከፈቱልኝ።

"ውስጡንም ውጩንም" አሉኝ። "መርማሪው አንድ ጣት አቧራ እንዳያገኝ። ስትጨርሺ መሸፈኛውን መልሰሽ እሰሪ፤ ነፋሱ ገና ነው።" ብለው ወረቀት ሊያስፈርሙ ወደ ሜዳው ቢሮ ሄዱ።

ጠረግኩ። ጅራቱ ጋ ስደርስ በባትሪ ሳይ፣ ዳዶዎቹ ላይ ቢጫ ቀለም አየሁ። አንዱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ላይ። ከዳዶው ጀምሮ እስከ ላሜራው የወረደ ቀጭን ቢጫ። ባባ የጎኑን መስመር ሲቀቡ የተንጠባጠበ መሰለኝ። ባባ ሲቀቡ ያንጠባጥባሉ፤ የግቢው ሲሚንቶ ይመሰክራል። በጨርቅ ስፈትገው አልለቅም አለ።

ማዳም ደጅ ጥላ ሥር ነበሩ። "ማዳም፣ አሴቶን ይዘዋል?" አልኩ።

ከስልካቸው ቀና ሳይሉ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ቢጫውን በሙሉ አነሣሁት። ከጅራቱ፣ ከመቀመጫው ኋላ፣ ከክንፉ ሥር፣ እጄ ከገባበት ሁሉ። ዳዶዎቹ እንደ አዲስ ብር አበሩ። መሸፈኛዎቹን ገጠምኩ፤ ብሎናቸውን በጣሳ ቆጥሬ ነው የማስቀምጠው፤ አንድም አልጎደለም። ባባ ሲመለሱ ዞረው አዩ። "ማሻአላህ" አሉ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ሐሙስ ወደ መካ ሄድን። ባባ ከመርማሪው ቀን በፊት ዑምራ ማድረግ ፈልገው ነበር፤ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አልሐምዱሊላህ፣ በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ከዑምራ ከልክለውኝ አያውቁም።

መንገድ ላይ ማዳም ፍርሃታቸውን አወጡት። ስንት ቀን ውስጣቸው እንደነበረ አላውቅም።

"አንተ ያጠበቅከው ነገር ሰማይ ላይ ሳለህ ቢፈታስ?"

"አይፈታም።"

"በምን ታውቃለህ?"

ባባ አንድ እጃቸውን ከመሪው አነሡ። "ዳዶውን በልኩ አጠብቃለሁ። ወዲያው ከዳዶው እስከ ላሜራው አንድ ቢጫ መስመር አሰምርበታለሁ። ቀለሙ ይደርቃል። ዳዶው ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ሳልነሣ በፊት አየዋለሁ። መስመሩ ቀጥ ካለ ጠብቋል ማለት ነው። መስመር የሌለው ዳዶ ደግሞ ማንም ያላጠበቀው ነው፤ አይበረርበትም።"

"ጅራቱም ላይ አለ?"

"ከሁሉ በላይ ጅራቱ ላይ። ከዚያ አንዱ ቢፈታ አውሮፕላኑ ቀና ብሎ መውረድ አይችልም።"

እኔ ከኋላ ነበርኩ። እጄን አየሁት። ጥፍሬ ሥር ጥቂት ቢጫ ቀርቶ ነበር።

በመኪናው ውስጥ አልተናገርኩም። አሴቶኑን የሰጡኝ ማዳም ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ የተናገርኩ እንደሆነ እሳቸውንም የከሰስኩ ይመስላል። ይህ አንዱ ምክንያት ነበር። ሌላው ፍርሃት ነው።

ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ገባን። በካዕባ ዙሪያ ጠዋፍ ስዞር በየዙሩ አንድ ዳዶ ከፊቴ ይመጣል። ሁልጊዜ እዚያ ስቆም ዱዓዬ ስለ ልጄ ነው። በዚያ ቀን ስለ አንድ ሽማግሌ ሰው ዱዓ አደረግኩ። ከዚያ ደግሞ፣ በአፌ መናገር የምችለውን ነገር አላህ እንዲያደርግልኝ መለመኔ አሳፈረኝና ዝም አልኩ።

ዙህር ከሰገድን በኋላ ባባና ማዳም ዘመዳቸው ቤት ዐረፉ፤ እኔን መንሱር በሚባለው ሰፈር አክስቴ ጋ አደረሱኝ። የእናቴ ታናሽ ናት። ከሀገራችን ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ይዛ መካ ብዙ ዓመት ኖራለች።

"ምን ሆነሻል?" አለችኝ በሩን እንደከፈተች። "ከዑምራ የወጣ ሰው ፊቱ እንዲህ አይሆንም።"

ነገርኳት።

"አንቺን ያመጡሽ ለቤት ነው ለአውሮፕላን?"

"ለሁለቱም ሆነ።"

"አብሽሪ፣ ቀጥሎ መርከብ ይሰጡሻል።" ውሃ ሰጠችኝና ተቀመጠች። "ዳዶውን ፈታሽው?"

"አልፈታሁም። ምልክቱን ነው ያነሣሁት።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? የጠበቀ ነገር በጨርቅ አይላላም።"

"ለመጥበቁ ምስክሩ ምልክቱ ነበር። አሁን የሚያውቅ የለም።"

"አላህ ያውቃል።"

"የጨነቀኝም እሱ ነው" አልኩ።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ "ባለፈው ዓመት እዚሁ ሰፈር አንዷ የማዳሟን ፀጉር ከማበጠሪያ ላይ ሰብስባ በወረቀት ጠቅልላ ስትጥል ታየች። ሲሕር፣ መተት አደረገች ተባለች። ልብሷን እንኳ ሳትይዝ ተባረረች። ፀጉር ነው እሱ። ያንቺ አውሮፕላን ነው። ሰውየው አንድ ነገር ቢሆን …"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ አክስቴ" አልኳት። "ሰውየው አንድ ነገር ቢሆን።"

ብዙ አየችኝ። "ተናገሪ አልልሽም" አለች በመጨረሻ። "ዝም በይም አልልሽም። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ በእጃቸው ነው፤ ካላስ፣ በቃሽ ካሉሽ ካላስ ነው። ከተናገርሽ ግን ዕቃሽን ቀድመሽ ሰብስቢ። እንደዚያች ልጅ በነጠላ ጫማ እንዳትሄጂ።"

ዐስር ላይ መጥተው ወሰዱኝ። ከከተማው ሳንወጣ ማዳም ለልጅ ልጆቻቸው የሚሆን ነገር ሊገዙ አንድ ሱቅ ገቡ። ባባ ከመኪናው ወርደው ጥላ ሥር ቆሙ። እኔም ወረድኩ። ቢስሚላህ አልኩ።

"ባባ፣ ቢጫዎቹን መስመሮች እኔ ጠርጌያቸዋለሁ።"

"የምኑን?"

"የዳዶዎቹን። የተንጠባጠበ ቀለም መስሎኝ።"

"የትኞቹን?" አሉ።

"እጄ የደረሰበትን ሁሉ።"

"ያንቺ እጅ የማይደርስበት የለም" አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። "በምን አነሣሽው? በጨርቅ አይለቅም።"

ይህን መመለስ ነው የከበደኝ። "በማዳም አሴቶን" አልኩ። "ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝም።"

"ዳዶ አዙረሻል?"

"አላዞርኩም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጨርቁን ስፈትግ እጄ ዐልፎ አዙሮት ከሆነ አላውቅም" አልኩ። እውነቱ ይኸው ነበር።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ማዳም ከሱቅ ሲወጡ "ግቢ" አሉኝ። እስከ ጅዳ ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። ማዳም ሁለት ጊዜ ዘወር ብለው አዩአቸው። ቤት ስንደርስ፣ "ነገ ወደ ሜዳው እሄዳለሁ" አሉ።

"ነገ ጁሙዓ ነው" አሉ ማዳም።

"ከሰላት በኋላ።"

ክፍሌ ገብቼ አክስቴ ያለችኝን አደረግኩ። ሁለት ቀሚስ፣ ቁርኣኔ፣ የልጄ ፎቶ፣ የክረምት ሹራብ። ሻንጣው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዘግቼ በሩ አጠገብ አቆምኩት። ነፍሴ ዐርፋ ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

በማግስቱ ከጁሙዓ ሰላት መልስ ባባ የክፍሌን በር አንኳኩ። ከፈትኩ። ሻንጣውን አዩት።

"ይሄ ለምንድን ነው?"

"ካላስ ካሉኝ ብዬ።"

"ጅራቱ ውስጥ ማን ሊገባልኝ ነው?" አሉ። "ያላ፣ ባትሪውን ያዢ። ያን ጨርቅሽን ግን ተዪው።"

ማዳምም አብረውን መጡ። በመኪናው ውስጥ ነገሩን ባባ ራሳቸው ነገሯቸው። ማዳም ቦርሳቸውን ከፍተው አሴቶኑን አወጡና አገላብጠው አዩት። መልሰው ከተቱት።

ጁሙዓን ከሰዓት፣ ቅዳሜን ሙሉ ቀን ሠራን። ባባ አንድ ረዘም ያለ መፍቻ አላቸው፤ ልኩን አዘጋጅተውት ዳዶ ላይ ሲጫን፣ ዳዶው በልኩ ከጠበቀ ጠቅ ይላል፤ ካልጠበቀ ጠቅ ከማለቱ በፊት ዳዶው ይዞራል። እሳቸው በሚደርሱበት እሳቸው፣ በማይደርሱበት እኔ። ጅራቱ ውስጥ እስከ ትከሻዬ ገብቼ መፍቻውን ስጫን፣ ባባ ጆሯቸውን ላሜራው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ጠቅ ሲል ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። እሳቸው መዝገቡ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

ከዚያ ቢጫውን ቀለምና ቀጭኗን ብሩሽ ሰጡኝ።

"አሰምሪ።"

"እኔ?"

"የጠረገው እጅ ያስምር" አሉ። "የሰው ሥራ ላይ የማታውቂው ነገር ካየሽ፣ መጀመሪያ ጠይቂ፤ ከዚያ ጥረጊ። ቤት ውስጥም ቢሆን።"

ትንፋሼን ይዤ አሰመርኩ። ከዳዶው እስከ ላሜራው፤ አንድ፣ ቀጥ ያለ። ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻው ተጠናቀቀ። አንድም ዳዶ ሳይዞር ቀረ። ሁሉም ጠብቆ ነበር።

ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። "ሁሉም ደኅና ነበር ለካ" አልኩ። "ሁለት ቀን በከንቱ አደከምኩዎት።"

ባባ እጃቸውን ይጠርጉ ነበር። "ትናንትም ጠብቆ ነበር፤ ዛሬም ጠብቋል" አሉ። "ትናንት ግን አላውቅም ነበር። ጠብቆ ይሆናል ብዬ አልበርም። ጠብቋል ብዬ ነው የምበረው።"

መዝገቡን ከፍተው ጻፉ። ማዳም ከትከሻቸው በላይ ያነብቡ ነበር።

"አሴቶኑንም ጻፍከው?"

"ጻፍኩት።"

"የማን እንደሆነስ?"

"የባለቤቴ ብዬ።"

"ጣውንቴ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ አስገባችኝ" አሉ ማዳም።

እኔ ከጎን ቀስ ብዬ አነበብኩ። የቤቱ ረዳት ምልክቶቹን ሳታውቅ አነሣች፤ ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ፤ ሁሉም እንደገና ተፈትሸው እንደገና ተሰምረዋል ይላል። ሠራተኛ አላሉኝም። ረዳት ነው ያሉት።

እሑድ መርማሪው መጡ። መነጽር ያደረጉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆሙ። የባባ ፊት አልተለወጠም።

"ረዳቷ ማናት?"

ቀረብኩ።

"ምን መሰለሽና ጠረግሽው?"

"የተንጠባጠበ ቀለም መስሎኝ።"

"ቀለም በእንዲህ ያለ መስመር ሲንጠባጠብ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ባባ ሲቀቡ አይቻለሁ" አልኩ።

ማዳም ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መርማሪው ባባን አዩአቸው።

"እውነቷን ነው" አሉ ባባ።

መርማሪው ጅራቱ እንዲከፈት አዘዙ። አምስት ዳዶ ራሳቸው መርጠው በመፍቻው እንደገና ይፈተሽ አሉ። አራቱን ራሳቸው ፈተሹ። ለአምስተኛው ክንዳቸውን ሰደዱ፤ ከክርናቸው አላለፈም። አወጡትና እጅጌያቸውን አራገፉ፤ ወደ እኔ አዩ። ገባሁ። ጠቅ አለ። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ መርማሪው።

"በቃ፣ ደኅና ነው ማለቷ ነው" አሉ ባባ።

በዚያ ቀን አልፈረሙም። የነዳጅ ቱቦ የሚያልፍበት አንድ ቦታ ብረት እንዳይፈገፍገው ይሸፈን አሉ፤ ሌላም ሁለት ትንንሽ ነገር አዘዙ። ተስተካከለ፤ ተመልሰው መጡ፤ ፈረሙ። ፈቃዱ ላይ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ባባ ብቻቸውን፣ ከሜዳው ሳይርቁ እንጂ ሰው ይዘው እንዳይበሩ የሚል አለበት።

"ብቻህን?" አሉ ማዳም። "ከጣውንቴ ጋር ነው እንጂ።"

የበረሩት ከፈጅር በኋላ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ነው። ማዳምና እኔ ከሜዳው ዳር ቆምን። ሞተሩ ሲነሣ ማዳም እጄን ያዙ፤ ከዚያ በፊት ይዘውኝ አያውቁም። ከቁርኣን አየተል ኩርሲይን ይቀሩ ነበር፤ እኔም ከሥራቸው ቀራሁ። ጣውንት ትንሽ ሮጠች፤ ከምድር ተነሣች። ነጭ ሆዷን አየሁት። ያ ጅራት እንደነካሁት፣ ውስጡንም እንደማውቀው፣ አሁን ደግሞ ከሰው ሕይወት ጋር ሰማይ ላይ እንዳለ አሰብኩና ዓይኔን ልጨፍን አልኩ። አልጨፈንኩም። ሜዳውን አራት ጊዜ ዞሩ። አራተኛው ላይ ዝቅ አሉ፤ አረፉ። ማዳም እጄን ሲለቁት ጣቴ ደንዝዞ ነበር።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው፣ "ሳሎኑ አሁን ይቀባል" አሉ።

ባባ ከመቀመጫቸው ቀስ ብለው ወረዱ። ውሃ ሰጠናቸው፤ ተቀምጠው በሦስት ጉንጭ ጠጡ። ማዳም እንዴት ነበር ሲሏቸው "ደኅና ነበር" ብቻ አሉ። ግንባራቸውን ምድር ላይ አድርገው የምስጋና ሱጁድ ወረዱ፤ ተነሡ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ክፈቺ።"

ጣሳዬን አመጣሁ። የጅራቱን መሸፈኛ ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈታሁ ጣሳው ውስጥ ጣልኩ። ባትሪውን አበራሁና ክንዴን ተከትዬ ጭንቅላቴን አስገባሁ። ከውጭ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

በእጄ ያሰመርኳቸውን መስመሮች ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ አየሁ። ልጄን ጁሙዓ ምን እንደምላት ያን ጊዜ ዐወቅኩ። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ከዳዶው ተነሥቶ ላሜራው ላይ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ አልተሰበረም።

ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።